በአባቴ ሳሎን የጮኸው መንዙማ

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ ሃይማኖቴን አልቀየርኩም። የመቀየር ሐሳብም የለኝም። ኦርቶዶክስ ሆኜ ተወለድኩ፣ ክርስትና ተነሣሁ፣ እንደ ሰዉ እጾማለሁ፣ ስሰንፍም እንደ ሰዉ እሰንፋለሁ። ይህን ገና በመጀመሪያው መስመር የምጽፈው፣ ታሪኩን የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ መሃል ላይ አቋርጠው «አሁን እውነቱን ንገሪኝ፣ የሆነ ነገር ጀምረሽ ነበር አይደል?» እያሉ ስላደረቁኝ ነው። ምንም አልጀመርኩም። ያላመነኝ ሰው እዚሁ ላይ አቁሞ ወደ ሥራው ሊሄድ ይችላል። አልቀየመውም ብዬ ግን አልዋሽም።

ያኔ ከአባቴና ከእናቴ ጋር ሲኤምሲ እኖር ነበር። የምሠራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ አንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ወደ ውጭ የሚላኩ አበቦችን ሰነድ አዘጋጃለሁ። አበባ ፀሐይ እስክትወጣ አይጠብቅምና ሰርቪሱ ገና ሳይነጋ ከየቤታችን ይለቅመናል። ሹፌሩ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ናቸው። ወሬ አይወዱም። መሪውን ይይዛሉ፣ መንዙማቸውን ይከፍታሉ፣ ይነዳሉ።

መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ሻርፔን ጆሮዬ ላይ ጠምጥሜ እተኛ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አልተኛሁም። ድቤው ቀስ ብሎ ይገባል፣ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ያወርዳሉ፣ ከዚያ ተቀባዮቹ በአንድ ድምፅ ሲነሡ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ግጥሙ ነቢዩን ያወድሳል። እኔ በዚያ አላምንም። ማመንም አላማረኝም። ዜማው ግን ያዘኝ፤ በማግስቱ ከኋላ ወንበር ተነሥቼ ከጋሽ ሰይድ ጀርባ መቀመጥ ጀመርኩ።

እጮኛዬን ዳዊትን ያወቅሁትም እዚያው ሰርቪስ ላይ ነው። መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ይኖራል። እሱም የወሎ ልጅ ነው። ሙሉ ስሙ ዳዊት ይመር። ወሎ ውስጥ ይመር የሚባል ክርስቲያንም ሙስሊምም ሞልቷል፤ በስም ሃይማኖት አይለይም። ሲኤምሲ ግን ይለያል።

አባቴ አቶ ምትኩ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፣ በዓል በመጣ ቁጥር መቋሚያውን ይዞ ማኅሌት ይቆማል። ድምፁ ደግሞ ያምራል፤ ይህን የምለው ተጣልተንም ስለሆነ እመኑኝ። በእሱ ቤት መንዙማ መክፈት ማለት ጣሪያውን በላያችን ላይ ማፍረስ ነው። እኔም መላ ዘየድኩ። የዳዊትን ስልክ ተቀብዬ የጥሪ ማሳመሪያ አድርጌ ሞላሁለት። የጥሪ ማሳመሪያ የሚሰማው ደዋዩ እንጂ የስልኩ ባለቤት አይደለም። ዳዊት ጋ በደወልኩ ቁጥር ጆሮዬ ላይ ለብቻዬ ይዘፍንልኛል ማለት ነው። «ቶሎ እንዳታነሣ» እለው ነበር። እሱም ይስቃል፣ ግን አያነሣም።

የዘነጋሁት አንድ ነገር ነው። እኛ አገር ሰው ጋ ደውለን የምንሰማው ዜማ የሰውየው መታወቂያ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ጋ ደውለን መዝሙር ከሰማን «የእኛው ነው» እንላለን፣ መንዙማ ከሰማንም እንደዚያው እንፈርዳለን። ስሙን ሳንጠይቅ እናውቀዋለን።

ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ዳዊት ሽማግሌ ላከ። ሦስት ነበሩ፤ አጎቱ አቶ ካሳ፣ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እና ጋሽ ሰይድ። ጋሽ ሰይድን የመረጠው የተዋወቅነው በእሳቸው መኪና ስለሆነና ስለሚያከብራቸው ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን ተቀላቅሎ ሽማግሌ መሄድ ለከተማችን አዲስ ነገር አይደለም፤ አባቴም ሲያያቸው ፊቱን አላጠቆረም። እኔ እንደ ደንቡ አልታይም። ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው መኝታ ቤት፣ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርገን፣ ከእናቴ ጋር ትንፋሻችንን ይዘን ቆመናል።

«ልጃችንን ልጅ አድርጉልን፣ ልጃችሁንም በልጅነት ስጡን ብለን መጥተናል» አሉ አቶ ካሳ፣ ቆመው።

«ተቀመጡ» አለ አባቴ። ተቀመጡ። «ልጁ ማን ይባላል?»

«ዳዊት ይመር።»

«ይመር?»

«አዎ፣ ይመር።»

«ክርስቲያን ነው?»

«ክርስቲያን ነው እንጂ!» አቶ ካሳ ሳቁ። «የእኛ አገር ስም እንዲህ ነው አቶ ምትኩ፣ የተቀላቀለ ነው።»

አባቴ አልሳቀም። «የንስሐ አባቱ ማን ናቸው?»

ሦስቱም ተያዩ። አቶ ካሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱን እንኳ… ከራሱ ቢጠየቅ ነው የሚሻለው።»

«ጥሩ። ቁጥሩን ንገሩኝ።»

አባቴ ጆሮው ስለደከመ ሁልጊዜ የሚያወራው ስልኩን በስፒከር አድርጎ ነው። ዳዊት ደግሞ እዚያው ሲኤምሲ አደባባይ አጠገብ አንድ ካፌ ተቀምጦ ውጤት ይጠብቃል፤ አጎቱ «ሽማግሌ ቤት ውስጥ እያለ ሙሽራ በስልክ አያወራም፣ ከእኔ በቀር የማንንም እንዳታነሣ» ብለው አስጠንቅቀውታል። አባቴ ደወለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ድቤው ገባ።

በሕይወቴ እንደዚያ ጮኾ ሰምቼው አላውቅም። ሽማግሌው አወረዱ፣ ተቀባዮቹ ተነሡ፣ ሳሎኑን ሞሉት። ከቅዱሳን ሥዕሎች በታች፣ ከአባቴ መቋሚያ አጠገብ፣ መንዙማው ለራሱ ይወርዳል። ዳዊት ታዛዥ ልጅ ነውና አያነሣም። ዜማው እስከ መጨረሻው ሄደ። የነቢዩ ስም ሲጠራ ጋሽ ሰይድ ከልማዳቸው የተነሣ በለሆሳስ ሶለዋት አወረዱ። አባቴ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየ።

«ቁጥር ተሳስቼ ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ። አቶ ካሳ አንድ በአንድ አነበቡለት። ልክ ነው። ደግሞ ደወለ። ድቤው ደግሞ ገባ።

በዚህኛው አላስጨረሰውም፤ ዘጋው።

«ክርስቲያን ነው አላላችሁኝም?»

«አቶ ምትኩ፣ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ…»

«እንዳትምል! ሽማግሌ ነን ብላችሁ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ ዐይኔ እያየ ትዋሹኛላችሁ? ልጄን ልታሰልሙ ነው የመጣችሁት!» ከዚያ ጣቱን ወደ ጋሽ ሰይድ ቀሰረ። «እኔ እኮ ለጨዋነት የመጡ መስሎኝ ነበር። ለካ ባለጉዳዩ እርስዎ ኖረዋል!»

«ልጁ ክርስቲያን ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ጾም በሆነ ቁጥር እኔ የያዝኩትን ምሳ አልቀምስም ይለኛል። ቢሰልም ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልደብቅዎትም። ግን አልሰለመም።»

ይህን የመሰለ እውነት አባቴን አያረጋጋም። ብድግ አለ። «መልሴን ሰምታችኋል። ከዛሬ በኋላ እዚህ ደጅ እንዳላያችሁ።»

ሽማግሌ በቀጠሮ ይመለሳል፣ ተለምኖ ደግሞ ይመጣል። ተሰድቦ የተባረረ ሽማግሌ ግን አይመለስም። የአቶ ካሳ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ እየተነሡ ነው። ያንን በር ካለፉ ዳዊት አለቀለት፤ ባላደረገው ነገር ሐሰተኛ ተብሎ፣ ሽማግሌው ተዋርዶ። እናቴ አንጓዬን ግጥም አድርጋ ያዘችኝ።

«ወጥተሽ እንዳታዋርጂኝ! ነገ እናስረዳዋለን።»

«እማዬ፣ ነገ የሚባል የለም።»

እጄን መንጭቄ ወጣሁ። ሽማግሌ በተቀመጠበት ልጅቷ ስትወጣ ማየት ለእነሱም አዲስ ነው፤ አቶ ካሳ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ቀሩ።

«ዜማው የእኔ ነው» አልኩ። «ስልኩ ላይ የሞላሁት እኔ ነኝ። እኔ ስደውል እንድሰማው።»

አባቴ አንድ በአንድ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ሰልመሻል?»

«አልሰለምኩም።»

«ልትሰልሚ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ይሄ ምንሽ ነው?»

«ደስ ይለኛል።»

«ምኑ?»

«ድቤው። ዜማው። ተቀባዮቹ ሲነሡ።»

«የሚሉትን ታምኚበታለሽ?»

«አላምንበትም።»

«ያላመንሽበት ነገር እንዴት ደስ ይልሻል?»

«እንጃ። ደስ ይለኛል።»

ምርር ብሎ ሳቀ። «ደስ ይለኛል!» አለ ለሽማግሌዎቹ፣ እኔ እዚያ የሌለሁ ይመስል። «ሰልሜያለሁ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ጸበል እወስዳት ነበር፣ አባቶችን እጠራ ነበር፣ አለቅስ ነበር። ደስ ይለኛል ላለ ሰው ምን ይደረጋል?»

ንዴቴ እዚህ ላይ ተነሣ። «አባዬ፣ ማኅሌት ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ስላደረው ፈረንጅ ስንት ጊዜ ነው የነገርከን? በኩራት! እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወራዋለህ። ተጠመቅ አልከው? ያላመንክበትን ለምን ታለቅስበታለህ አልከው?»

«እሱ እንግዳ ነው። አይቶ፣ አድንቆ ይሄዳል። አንቺ የቤት ልጅ ነሽ። የቤት ልጅ የጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥላ አትውልም።»

መልሱ ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። ወዳጅ ፍለጋ ዞር አልኩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይንገሩት እንጂ! እኔ የለመድኩት እርስዎ መኪና ውስጥ ነው፤ አስገድደውኝ ነው? አንድ ቀን እንኳ ስለ ሃይማኖት አውርተውኝ ያውቃሉ?»

«ከእሱ መኪና!» አለ አባቴ። ነገሩን አባባስኩት።

ጋሽ ሰይድ ቀስ ብለው ተነሡ። ለእኔ ሊናገሩልኝ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ለማንም ብዬ አልከፈትኩም» አሉ። «ለራሴ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ልቤን ነው የማጸዳበት፤ ለእኔ ዱዓ ነው። አንቺ ግን ልጄ፣ ያላመንሽበትን ነገር የስልክ ማስጌጫ አደረግሽው። ነቢያችን እየተወደሱ ልጁ ስልኩን ሲያነሣ ‹ሄሎ› ብለሽ ታቋርጫቸዋለሽ? አባትሽ ቢቆጣ አልፈርድበትም። እኔም ተቆጥቻለሁ።»

አባቴ በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። ልብ በሉልኝ፣ ራሱን ነቀነቀ! ከደቂቃ በፊት ከቤቴ ውጡልኝ ላላቸው ሰው። ሁለቱ በዚያች ቀን የተስማሙት በእኔ ላይ ብቻ ነው።

ደሜ ፈላ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ አላስታውሰውም፤ እናቴ ናት በኋላ የነገረችኝ።

«በጣም ጥሩ! አንዱ ከዳሽን ይለኛል፣ አንዱ ሰረቅሽን ይለኛል! ያማረ ነገር በሰማሁ ቁጥር መታወቂያ ላውጣ? ጋሽ ሰይድ፣ እዚህ ቤት ስለ እናንተ ምን እየተባለ እንዳደግሁ ያውቃሉ? ልንገርዎት?»

«ቤዛ፣ ዝም በይ!» እናቴ ከበሩ ጮኸች።

«አልልም! ያንን ሁሉ ከጆሮዬ ያወጣልኝ የእርስዎ ዜማ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ማንም ሳይሰብከኝ። እርስዎ ግን አሁን ሌባ አደረጉኝ። አባዬ ደግሞ የእኔን ጥፋት ዳዊት ላይ ጭኖ ያባርራል። እኔ ነኝ ተከሳሿ። እሱን ተዉት!»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ምንጣፉን ያያሉ። አባቴ ተቀመጠና አቶ ካሳን፣ «ልጁን ጥሩልኝ» አላቸው።

አጎቱ ደወሉ፤ ያን ጊዜ አነሣ። ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ «እሺ ተብያለሁ» ብሎ ፈገግ እያለ ገባ። ፊታችንን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

«ስልክህ ላይ ምን እንደሚዘፈን ታውቃለህ?» አለው አባቴ።

ዳዊት አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት፤ እውነቱን ተናገር ማለቴ ነበር።

«አውቃለሁ፣ አባባ። የእኔ ነው። ራሴ ነኝ የሞላሁት።»

«መቼ?»

«ቆየ።»

«ማን መረጠልህ?»

«ራሴ።»

አባቴ እኔን አየት አደረገና ወደ እሱ ተመለሰ። «የንስሐ አባትህ ማን ናቸው?»

ዳዊት ሳያመነታ ስማቸውን ጠራ፤ የት እንደሚያገለግሉም ነገረው።

አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ልጁን በድየዋለሁ፤ እናንተንም። ይቅር በሉኝ። ስለ እሷ ብሎ ፊቴ ላይ ሲዋሽ አይቻለሁ፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ልጅ ይሰጣል። ሰጥቻለሁ።» አቶ ካሳ እጃቸውን ወደ ላይ ሲዘረጉ በምልክት አስቆማቸው። «ዳዊት ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነው። ከእሷ ጋር ግን ንግግር የለኝም።»

እኔ እዚያው ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር። ያን ዕለትም፣ በማግስቱም አላናገረኝም። ጨው እንኳ ሲፈልግ እናቴን «ልጅቷ ታቀብለኝ» ይላታል፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ።

ሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ ውስጥ ስገባ ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ሰድደው መንዙማውን ዘጉት። ሰላምታዬን መለሱልኝ፣ በደንብ መለሱልኝ። ግን ዘጉት። እስከ ቦሌ ድረስ የሞተር ድምፅ ብቻ እየሰማን ሄድን። ማታ ስንመለስ እኔ ቀድሜ ስወርድ መልሰው እንደሚከፍቱት ሌሎቹ ነገሩኝ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ከአባቴ ዝምታ ባልተናነሰ።

የጥሪ ማሳመሪያውን አነሣሁት። ጋሽ ሰይድ «ሄሎ» ብሎ ስለ ማቋረጥ ያሉት ነገር ልክ ነው፤ ሰው ተቆጥቶም ልክ ሊናገር ይችላል። መስማቴን ግን አልተውኩም። ዛሬ ቡልቡላ በራሴ ቤት፣ እስከ መጨረሻው፣ ሳልቆርጥ እሰማለሁ። ስትፈልጉ ኑና ክሰሱኝ።

እናንተ አንባቢዎች፣ ይህን ስታነቡ የምትሉትን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። ግማሾቻችሁ «ቀስ በቀስ ነው የሚጀምረው» ትላላችሁ። ግማሾቻችሁ ደግሞ «ወደ እውነቱ ቀርባለች፣ ትንሽ ናት የቀረቻት» ብላችሁ ደስ ይላችኋል። ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ ሁለታችሁም ደግሞ አድክማችሁኛል። እኔ ከዚያ ቀን በፊት ነገር ማብረድ የምወድ፣ «እሺ» የማበዛ ልጅ ነበርኩ። ያ እሑድ ይህን ከውስጤ አወጣው። አሁን ሰው ስለ ሌላው ሃይማኖት ክፉ ሲያወራ ዝም ብዬ አላሳልፍም፣ በሠርግም ቢሆን፣ በለቅሶም ቢሆን። ወዳጅ ቀንሶብኛል። ይቀንስ።

አንድ ነገር ብቻ ነው ያልለመድኩት።

የሠርጋችን ጠዋት ነው። ሳሎኑ በሰው ተጨናንቋል፣ አባቴና እናቴ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ጉልበት ስመን ተመርቀን እንወጣለን። ዳዊት ቀደመ። አባቴ ራሱ ላይ እጁን ጭኖ፣ በዚያ በሚያምር ድምፁ፣ ውለዱ ክበዱ ብሎ፣ ከላይ እስከ ታች መረቀው። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። ቀጥሎ እኔ ተንበረከክሁ። አንደኛውን ጉልበቱን ሳምኩ፣ ሌላኛውንም ሳምኩ። አንገቴን እንደደፋሁ ጠበቅሁ። ምንም የለም።

«አባት፣ እጅዎን ራሷ ላይ ያድርጉልኝ» አለ ቪዲዮ ቀራጩ መብራቱን አስጠግቶ።

እጁ ራሴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ከባድ ነው፣ ሞቃት ነው።

«አሁን ይመርቋት፣ አባት።»

አባቴ ለእኔ ሳይሆን ለቪዲዮ ቀራጩ መለሰለት። «ቪዲዮው ላይ ዘፈን ታስገቡበት የለ? አስገባበት። እሷ ቃሉ ምኗም አይደለም፤ ዜማው ይበቃታል።»

እኔም «አሜን» አልኩና ተነሣሁ።